የቂብላ ስሌት፦ ከዑለማእ ሰንጠረዥ እስከ ኢንተርኔት ማስያ

መግቢያ

የሶላት ቂብላ ከበይተል መቅዲስ ወደ መስጂደል ሐራም የዞረው በሁለተኛው ዓመተ ሒጅራ ነው፤ ትእዛዙም በሱረቱል በቀራ 144ኛ አንቀጽ ሰፍሯል። ትእዛዙ አጭርና ግልጽ ነው። እስልምና ከሒጃዝ አልፎ ወደ ሩቅ አገሮች ሲደርስ ግን አንድ ጥያቄ አስከተለ፤ ካዕባን በዓይኑ የማያይ ሰው ፊቱን ወደ እርሷ ማዞሩን በምን ያውቃል? የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች በፀሐይ መውጫና መግቢያ፣ በክዋክብትና በነፋሳት፣ እንዲሁም ሶሐቦች በመሠረቷቸው መስጂዶች አቅጣጫ እየተመሩ ጥያቄውን መለሱ። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ዑለማእ ደግሞ ሒሳብን ጨመሩበት።

በዘመናችን ይኸው ጥያቄ በአዲስ መልክ ወደ መስጂዶቻችን ተመልሷል። አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ሚሕራቡ ተዛብቷል ይላል። ሌላው በሌላ ፕሮግራም ሌላ ቁጥር ያነባል። ሽማግሌዎች በበኩላቸው አባቶቻችን የሰገዱበት አቅጣጫ ይበቃናል ይላሉ። የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በኢማሙ ላይ ነው። ኢማሙ የስልኩ ቁጥር ከምን እንደ ተገኘ ካላወቀ ሊያጸድቀውም ሆነ ሊጥለው አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው ከሁለቱ ወገን ለአንዱ ማድላት ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስልኩ ውስጥ የተደበቀው ስሌት የሙስሊም ዑለማእ ከሺህ ዓመት በፊት የደረሱበት መሆኑን ማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ ማንኛውም መምህር በኢንተርኔት በነጻ በሚገኝ የሒሳብ ማስያ ስሌቱን ራሱ ሠርቶ እንዲፈትሸው መንገዱን ማመልከት ነው።

ከአውታር ወደ ጀይብ

በማዕዘንና በርዝመት መካከል ያለውን ዝምድና የሚመረምረው ትሪጎኖሜትሪ የተወለደው ከሰማይ ምልከታ ነው። ግሪካዊው በጥሊሞስ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው «አልማጀስት» ውስጥ ለእያንዳንዱ ግማሽ ዲግሪ የክብ አውታርን ርዝመት የሚሰጥ ሰንጠረዥ አለ። አውታር ማለት በክብ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ ቀጥተኛ መስመር ነው፤ ክቡ እንደ ደጋን ቢታሰብ አውታሩ የደጋኑ ጅማት ይሆናል። የህንድ ሊቃውንት ደግሞ ሙሉውን አውታር ትተው ግማሹን መጠቀም ለሥራ እንደሚቀል ተገነዘቡ። በኸሊፋ አል-መንሱር ዘመን (136–158 ዓ.ሒ.) ይህ የህንድ ዕውቀት ባግዳድ ገባ፤ መጽሐፉም «ሲንድሂንድ» በሚል ስም ወደ ዓረብኛ ተመለሰ።

የቃሉ ታሪክ ራሱ የዕውቀቱን ጉዞ ይተርካል። ህንዶች ግማሹን አውታር «ጅያ» ይሉት ነበር፤ ዓረቦች «ጂባ» ብለው ተቀበሉት። ያለ አናባቢ ሲጻፍ ግን ቃሉ «ጀይብ» ተብሎም ይነበባል፤ ትርጉሙም የልብስ እጥፋት ወይም የደረት ክፍተት ነው። ቃሉ በሶማሊኛ እስከ ዛሬ «ጄብ» ተብሎ ኪስን ያመለክታል። በ12ኛው ምዕተ ዓመት እ.ኤ.አ. የዓረብኛ መጻሕፍትን ወደ ላቲን የመለሱ ሰዎች ይህንኑ ትርጉም ይዘው «ሲኑስ» አሉት። ዛሬ ተማሪዎቻችን «ሳይን» የሚሉት ቃል ከዚህ የመጣ ነው።

ከጥላ ወደ ታንጀንት

ታንጀንት ደግሞ በዓረብኛ «ዚል» ይባላል፤ ጥላ ማለት ነው። ስያሜው በአጋጣሚ የተሰጠ አይደለም። የዙህርና የዐስር ወቅት በጥላ ስለሚታወቅ፣ የፀሐይን ከፍታ ከጥላ ርዝመት ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ለመስጂድ ያስፈልግ ነበር። በሦስተኛው ዓመተ ሒጅራ ምዕት በባግዳድ የነበሩት ሐበሽ አል-ሓሲብ እንዲህ ያለ የጥላ ሰንጠረዥ ካዘጋጁት ቀደምቶች አንዱ ናቸው።

የሚከተለውን ምሳሌ ማንም ሰው በማስያ ሊሞክረው ይችላል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከአናት የምትርቀው በከተማዋ ኬክሮስ ልክ፣ ማለትም 9 ዲግሪ ገደማ ነው። የ9.03 ዲግሪ ታንጀንት 0.159 ስለሆነ አንድ ሜትር በትር በቀትር 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በጁምሁር ዑለማእ አስተያየት ዐስር የሚገባው ጥላው ከቀትሩ ጥላ በላይ በበትሩ ቁመት ልክ ሲጨምር ነው፤ ይኸውም 116 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ነው። 1 ለ1.159 ተካፍሎ የውጤቱ ማዕዘን በታንጀንት ቢፈለግ ፀሐይ በዚያ ሰዓት ከአድማስ በላይ 41 ዲግሪ ያህል ላይ መሆኗ ይታወቃል። በትርና ማስያ አንድ መልስ ይሰጣሉ ማለት ነው።

በአራተኛው ምዕት አቡል-ወፋ አል-ቡዝጃኒ (328–388 ዓ.ሒ.) የሳይንና የታንጀንት ሰንጠረዦችን ለእያንዳንዱ ሩብ ዲግሪ አዘጋጁ፤ የሳይን ቁጥሮቻቸውም በዛሬው አጻጻፍ እስከ ስምንት የአስርዮሽ ቤት ትክክል ናቸው። ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ (597–672 ዓ.ሒ.) ደግሞ «አሽ-ሸክሉል ቀጧዕ» በተባለው ሥራቸው ትሪጎኖሜትሪን ከሥነ ፈለክ አገልጋይነት አውጥተው ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ አደረጉት።

ቂብላና ሉላዊ ምድር

ቂብላን በስሌት ማግኘት የሚከብደው ምድር ሉል ስለሆነች ነው። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የሚሰመር ቀጥተኛ መስመርና በሉል ላይ ያለው አጭሩ መንገድ ለቅርብ አገር ይቀራረባሉ፤ ለሩቅ አገር ግን ይለያያሉ። ቀደምት ሊቃውንት የሁለቱን ከተሞች የኬክሮስና የኬንትሮስ ልዩነት ብቻ በመያዝ የሚሠራ ቀላል ግምታዊ ዘዴ ነበራቸው። በ317 ዓ.ሒ. (929 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የረቃው ሊቅ አል-በታኒ የሚታወቁበት ዘዴ የኬንትሮሱን ልዩነት ሳይን ለኬክሮሱ ልዩነት ሳይን በማካፈል አቅጣጫውን ያወጣል።

ጉዳዩን እስከ ጥግ የተከታተሉት አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (362–440 ዓ.ሒ. ገደማ) ናቸው። በ416 ዓ.ሒ. (1025 እ.ኤ.አ.) የፈጸሙት «ተሕዲዱ ኒሃያቲል አማኪን» የተባለው መጽሐፍ አንድ ተጨባጭ ግብ ነበረው፤ ይኸውም ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ለምትገኘው ለጘዝና ከተማ ቂብላን መወሰን ነው። ለዚህም በመጀመሪያ የከተማዋን ኬክሮስና ኬንትሮስ ማወቅ ነበረባቸው። ኬክሮስ ከፀሐይ ወይም ከክዋክብት ከፍታ ይለካል፤ ኬንትሮስን ለመለካት ግን በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት ማወቅ ይጠይቃል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከከተማ ከተማ ይዘውት የሚሄዱት ትክክለኛ ሰዓት አልነበረም። ቢሩኒ በወጣትነታቸው፣ በ997 እ.ኤ.አ.፣ ይህን ችግር በብልሃት ፈትተውት ነበር። እሳቸው በኻወሪዝም ካስ ከተማ፣ አቡል-ወፋ ደግሞ በባግዳድ ሆነው በቀጠሮ አንድን የጨረቃ ግርዶሽ ተመለከቱ፤ ግርዶሹ በሁለቱ ከተሞች የታየበትን ሰዓት በማነጻጸርም የኬንትሮሱን ልዩነት አገኙ። በ«ተሕዲድ» ውስጥ ደግሞ ከባግዳድ እስከ ጘዝና በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞችን እያያያዙ፣ ከመንገደኞች ርቀትና ከከተሞቹ ኬክሮስ ኬንትሮስን አሰሉ። ቂብላውንም በአንድ መንገድ ብቻ አልተዉትም፤ በተለያዩ ዘዴዎች ደጋግመው አውጥተው ውጤቶቹን አስተያዩ።

ይህ ልማድ ሊሠመርበት ይገባል። ቢሩኒ በዘመናቸው ከነበሩ የሒሳብ ሊቃውንት ቀዳሚዎቹ መካከል ሆነው ሳለ፣ ለሶላት የሚያገለግል ቁጥር በአንድ ስሌት ብቻ እንዲጸና አልፈቀዱም።

ሰንጠረዥ በመስጂድ ውስጥ

ከሰባተኛው ምዕት ጀምሮ በግብፅና በሻም መስጂዶች «ሙወቂት» የተባለ ባለሙያ ይመደብ ጀመር፤ ሥራው የሶላት ወቅትን በስሌት መወሰን ነበር። በደማስቆ የኡመያ መስጂድ ሙወቂት የነበሩት ኢብኑ ሻጢር (777 ዓ.ሒ. ያረፉ) በ773 ዓ.ሒ. ለሚናራው የሠሩት የፀሐይ ሰዓት ዝነኛ ነው። በዚያው ከተማና በዚያው ምዕት የነበሩት ሸምሱዲን አል-ኸሊሊ ደግሞ የቂብላን ጥያቄ ለስሌት ለማይበቃ ሰው ጭምር መለሱለት። ከ10 እስከ 56 ዲግሪ ላለው ለእያንዳንዱ ኬክሮስ፣ ከመካ በ1 እስከ 60 ዲግሪ ለሚለይ ለእያንዳንዱ ኬንትሮስ ቂብላውን አስልተው በሰንጠረዥ አሰፈሩ። 47 ረድፍ በ60 ሲባዛ 2820 መልስ ይሆናል። አብዛኞቹም፣ እሳቸው የተነሡበት የመካ ኬክሮስ ተይዞ ዛሬ ሲሰሉ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ የበለጠ ስሕተት አይገኝባቸውም፤ እዚህ ላይ ደቂቃ ማለት የዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው።

የሰንጠረዡ ወሰን ለአገራችን አንባቢ ትርጉም አለው። 11 ዲግሪ ላይ ያለችው ደሴ በሰንጠረዡ ውስጥ ትገባለች፤ ሐረርና አዲስ አበባ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ስለሆኑ ለጥቂት ከወሰኑ ውጭ ይቀራሉ። የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ግን ከዚህ የዕውቀት ዘርፍ ውጭ አልነበሩም። ትውልዱ ከጀበርት የሆነው የካይሮ ቤተሰብ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲን (1188 ዓ.ሒ./1774 እ.ኤ.አ. ያረፉ) አፍርቷል። እሳቸው በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክና በወቅት ስሌት የተመሰከረላቸው ዓሊም ነበሩ፤ ይህን የምናውቀውም ልጃቸው ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ በተውት ሰፊ ዜና መዋዕል ነው።

ስሌቱን በማስያ መሞከር

የኸሊሊ ሰንጠረዥ ከሐረር በጥቂቱ ቢያጥርም የተሠራበት ስሌት ግን ወሰን የለውም። ስለዚህ ሐረርን ራሳችን እናስላት። ዴስሞስ፣ ጂኦጀብራ ወይም ዎልፍራም አልፋን የመሰለ ማንኛውም የኢንተርኔት ማስያ ይበቃል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ማስያው ማዕዘንን በዲግሪ መቀበሉ ይረጋገጥ። ብዙ ማስያዎች «ራዲያን» በተባለ ሌላ መለኪያ ይሠራሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የ30 ሳይን ሲጠየቅ 0.5 ከመለሰ ዲግሪ ላይ ነው፤ −0.988 ከመለሰ ራዲያን ላይ ስለሆነ መለወጥ አለበት።

የካዕባ ኬክሮስ 21.42፣ ኬንትሮሷ 39.83 ዲግሪ ነው። ሐረር በ9.31 ኬክሮስና በ42.12 ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። የኬንትሮሱ ልዩነት 2.29 ዲግሪ ነው። ስሌቱ ሦስት እርምጃ አለው።

አንደኛ፣ የኬንትሮሱ ልዩነት ሳይን ይወሰዳል፤ 0.0400 ነው።

ሁለተኛ፣ የከተማው ኬክሮስ ኮሳይን በካዕባ ኬክሮስ ታንጀንት ይባዛል፤ 0.9868 በ0.3923 ሲባዛ 0.3871 ይሆናል። ከዚህ ላይ የከተማው ኬክሮስ ሳይን ከኬንትሮሱ ልዩነት ኮሳይን ጋር ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ይኸውም 0.1616 ነው። የሚቀረው 0.2255 ነው።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈላል፤ 0.177 ይሆናል። ታንጀንቱ ይህን ያህል የሆነው ማዕዘን 10 ዲግሪ ነው።

ሐረር ከመካ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ቂብላዋ ከሰሜን ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ያዘነብላል። በዚሁ መንገድ አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 4.7 ዲግሪ፣ ደሴ ደግሞ ወደ ምሥራቅ 1 ዲግሪ ብቻ ሆነው ይገኛሉ። የሰሜን አቅጣጫ ለእኛ አገር መስጂዶች ለምን እንደሚቀርብ፣ ለምንስ ከቦታ ቦታ በጥቂቱ እንደሚለይ እዚህ ላይ ይታያል።

ለጘዝና ሲሠራ ሁለተኛው እርምጃ ከዜሮ በታች ይወጣል፤ −0.158። ይህ ማለት አቅጣጫው የሚለካው ከሰሜን ሳይሆን ከደቡብ ነው፤ ውጤቱም ከደቡብ ወደ ምዕራብ 72 ዲግሪ ያህል ነው። ማስያው ይህን አይናገርም። ቁጥሩን ይሰጣል፤ ቁጥሩ ከየት እንደሚለካ ማወቅ ግን የሠሪው ፋንታ ነው።

ግምታዊው ዘዴ ሲፈተን

አሁን የአል-በታኒን ግምታዊ ዘዴ በተመሳሳይ ከተሞች እንፈትን። ለአዲስ አበባ 5.1 ዲግሪ ይሰጣል፤ ከትክክለኛው የሚለየው በግማሽ ዲግሪ እንኳ አይደለም። ለሐረር 10.8 ይሰጣል፤ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው። ለጘዝና ከደቡብ ወደ ምዕራብ 66 ይሰጣል፤ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ነው። ቢሩኒ ሙሉውን ስሌት የሻቱበት ምክንያት በዚህ ይገለጻል።

አሁን ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ወደሚኖሩባት ወደ ዋሽንግተን እንሂድ። ሙሉው ስሌት ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 56.5 ዲግሪ፣ ማለትም ሰሜን ምሥራቅን ያመለክታል። ግምታዊው ዘዴ ግን ከምሥራቅ አልፎ ወደ ደቡብ ያዘነበለ አቅጣጫ ይሰጣል፤ በሁለቱ መካከል 52 ዲግሪ ልዩነት አለ። በ1957 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የዋሽንግተን እስላማዊ ማዕከል መስጂድ የተሠራው በሉላዊው ስሌት መሠረት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ ነው። ጠፍጣፋ ካርታ የለመደ ዓይን ይህን ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ሉል ላይ ክር ወጥሮ ቢያይ ግን ይረጋጋል።

ከዚህ ሙከራ የምንማረው ቀደምቶቹን መንቀፍን አይደለም። ለመካ ቅርብ በሆኑ አገሮች ዘዴያቸው በቂ ነበር። ትምህርቱ፣ አንድ ዘዴ በአንድ አገር ስለሠራ ብቻ በሁሉም አገር ይሠራል ማለት አይቻልም የሚል ነው።

የአንድ ዲግሪ ሳይን

ማስያው ሳይንን በቅጽበት ሲሰጠን ሥራው ቀላል የነበረ ሊመስለን ይችላል። የሰንጠረዥ ሁሉ መሠረት የአንድ ዲግሪ ሳይን ነው፤ እርሱን ግን በጂኦሜትሪ ብቻ በቀጥታ ማግኘት አይቻልም። የሦስት ዲግሪ ሳይን ግን ይገኛል። በሰመርቀንድ በኡሉግ ቤግ የክዋክብት መመልከቻ የሠሩት ጀምሺድ አል-ካሺ (832 ዓ.ሒ./1429 እ.ኤ.አ. ያረፉ) ሁለቱን የሚያያይዝ ስሌት ይዘው ተነሡ። የሦስት ዲግሪ ሳይን ላይ የአንድ ዲግሪ ሳይን ራሱን በራሱ ሦስት ጊዜ አባዝቶ አራት እጥፉን መደመር፣ ከዚያም ለሦስት ማካፈል ነው። የሚፈለገው ቁጥር ራሱ በስሌቱ ውስጥ ስላለ በግምት ይጀመራል፤ ውጤቱም እየተመለሰ ይገባል።

እንሞክረው። የሦስት ዲግሪ ሳይን 0.0523359562 ነው። ሲሶው 0.0174453187 ለመነሻ ግምት ይሁን። አንድ ጊዜ ሲሰላ 0.0174523978፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰላ 0.0174524064 ይሆናል፤ ይህም ማስያው ከሚሰጠው ጋር እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ነው። አል-ካሺ ያለ ማስያ፣ በእጃቸው፣ በዛሬው አጻጻፍ እስከ 16 የአስርዮሽ ቤት ያህል አደረሱት። ይህን በክፍል ውስጥ በተማሪዎች ፊት መሥራት ስለ ቀደምቶቻችን ከሚነገር ረጅም ውዳሴ ይልቅ ያስተምራል።

ቁጥሩና ፊቅህ

ኢማሙ ትክክለኛውን ቁጥር ካገኘ በኋላ ምን ያድርገው? በሐነፊያ፣ በማሊኪያና በሐንበሊያ መዝሀቦች ከካዕባ ለራቀ ሰው የአቅጣጫዋ ጎን (ጂሃ) ይበቃዋል። በሻፊዒያ መዝሀብ ጠንካራው አስተያየት ወደ ራሷ ወደ ካዕባ (ዓይን) መዞርን ይፈልጋል፤ ለራቀ ሰው ግን የሚጠየቀው በሚዛን የሚደፋ ግምት ነው። በዚሁ መዝሀብ ኪታቦች ሙስሊሞች ለዘመናት የሰገዱበት ሚሕራብ አቅጣጫው በኢጅቲሃድ አይሻርም፤ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ጥቂት ማዘንበል ላይ ግን ኢጅቲሃድ ይፈቀዳል።

ስሌቱም ይህን ሚዛን ይደግፋል። ከአዲስ አበባ አንድ ዲግሪ የተሳሳተ መስመር ካዕባን በ24 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታታል፤ በመስጂዱ ውስጥ ግን በአሥር ሜትር ሰፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሰው ትከሻ ከዚያ በላይ ያዘነብላል። ስለዚህ በስልክ የታየ የአንድ ወይም የሁለት ዲግሪ ልዩነት ጀማዓን ለመከፋፈል፣ ያለፈውንም ሶላት ለመጠራጠር ምክንያት አይሆንም። ልዩነቱ አሥርና ሃያ ዲግሪ ሲሆን ግን ምርመራ ይገባዋል። የስልክ ኮምፓስ ብረትና ኤሌክትሪክ ባለበት ይሳሳታል፤ የሚያሳየውም የማግኔት ሰሜን እንጂ የምድር ሰሜን አይደለም። ፕሮግራሞች የሚለያዩትም ብዙውን ጊዜ በዚህ እንጂ በስሌቱ አይደለም።

ሁለተኛ ማረጋገጫ ለሚሻ ከሰማይ የሚገኝ አለ። አጥ-ጡሲ «ተዝኪራ» በተባለው መጽሐፋቸው እንደ ጠቀሱት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በመካ አናት ላይ ትቆማለች። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 20 ቀን ከቀኑ 6፡18 እና ሐምሌ 9 ቀን ከቀኑ 6፡27 ገደማ ነው፤ የመካ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ መቀነስና መደመር አያስፈልግም። በእነዚያ ደቂቃዎች ቀጥ ብሎ የተተከለ በትር ጥላው ከካዕባ ተቃራኒ ይወድቃል። በአዲስ አበባ የአንድ ሜትር በትር 22 ሳንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ በትሩ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። አንድ ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ጉልህ ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ የመስጂድ ቂብላ ላይ ክርክር ሲነሣ ቢሩኒ በጘዝና እንዳደረጉት ማድረግ ይበጃል። ስሌቱ በማስያ ይሠራ፤ ሌላ ሰው በሌላ ማስያ ይድገመው፤ በግንቦት ወይም በሐምሌ ደግሞ በበትርና በጥላ ይመሳከር። ሦስቱ ከተስማሙ ጀማዓው በእርግጠኝነት ይሰግዳል። ካልተስማሙም ስሕተቱ ያለው የትኛው ላይ እንደ ሆነ ለመፈለግ መነሻ ይኖራል፤ ፍለጋውም ሽማግሌውንና ወጣቱን በአንድ በትር ጥላ ዙሪያ ያቆማቸዋል። ወላሁ አዕለም።